የአበዛሽ ግለ ሂስ

አሰብ ውስጥ በሐምሌ ወር የሰውነት ሙቀት መለኪያ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ፣ ማንም ሳይነካው አርባ ይደርሳል። ከደጋ ተመድቦ የመጣ ሠራተኛ ይህን ሳያውቅ በሽተኛው ብብት ውስጥ ይሰካውና ጤነኛውን ሰው ሁሉ ወባ ይዞሃል ይለዋል። አበዛሽ ግን መለኪያዎቹን በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ትንሽ ገንቦ ውስጥ ታኖራለች፤ አራግፋ፣ አይታ፣ ደግማ አራግፋ ነው የምትሰካው። ከወደቡ ጀርባ ባለው ጤና ጣቢያ ይህን ዘዴ ያልተማረ የለም። ከማን እንደተማረው የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

አበዛሽ ደሴ ተወልዳ፣ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ፣ የዓመት ተኩል ሥልጠና ወስዳ ጤና ረዳት ሆና አሰብ የወረደችው በ1964 ነው። ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ሥራዋ በወረቀት ሲጻፍ አጭር ነው፤ ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መቀቀል፣ የታዘዘውን መስጠት። ወረቀቱ ያልጻፈው እጇን ነው። በተቅማጥ የደረቀ ሕፃን ሲመጣና ደም ሥሩ እንደ ክር ቀጥኖ አልገኝ ሲል፣ ሐኪሙም ነርሶቹም ሁለት ሦስቴ ወግተው ላብ ካጠመቃቸው በኋላ “አበዛሽን ጥሯት” ይባላል። ትመጣለች። የሕፃኑን የጆሮ ግንድ በአውራ ጣቷ ዳበስ ዳበስ ታደርጋለች፤ ዓይኗን ጨፈን ታደርግና አንዴ ትወጋለች። ደሙ ብቅ ይላል። ከዚያ ወደ መርፌ መቀቀያዋ ትመለሳለች፤ ካርዱ ላይ የሚፈርመው ሌላ ነው።

በሽተኞች “ሲስተር” ይሏታል። ነጭ ጋዋን የለበሰችን ሴት ሌላ ምን ይበሏት? እሷ ግን ቶሎ ብላ “ሲስተር አይደለሁም፣ ጤና ረዳት ነኝ” ትላለች። እንዲህ ማለት የጀመረችው በመጣች በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ የወደብ ሠራተኛ “ሲስተር” ብሎ ሲጠራት አቤት አለች፤ ኃላፊዋ ነርስ ሲስተር እቴናት ከበሩ ላይ ሆነው ሰምተው፣ በሽተኛው ሁሉ እያየ፣ “አበዛሽ፣ ባልተማርሽበት ስም አቤት አትበዪ” አሏት። ሲስተር እቴናት ክፉ ሴት አልነበሩም፤ አራት ዓመት እየተንገላቱ ተምረው ያገኙትን ስም በነፃ ሲወሰድ ማየት ነው ያናደዳቸው። አበዛሽ ግን ያን ቀን ቤቷ ገብታ አለቀሰች፤ ከዚያም ቁርጥ አድርጋ፣ ይህን ስም ተምሬ እወስደዋለሁ አለች። በሕይወቷ የተመኘችው ይኸው ብቻ ነው። መኪና ወይም የሸክላ ቤት አልተመኘችም፤ በስሟ ፊት አንዲት ቃል እንድትገባላት ነበር የምትፈልገው።

ጤና ረዳትን ነርስ የሚያደርግ የሁለት ዓመት ትምህርት አዲስ አበባ ነበር። ለአሰብ በየዓመቱ አንድ ቦታ ይደርሳታል። የሚላከው ዕድሜው ከሠላሳ አምስት ያልበለጠ፣ በግምገማ የተመሰገነና መሥሪያ ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈለት ነው። አበዛሽ መጀመሪያ ስታመለክት የጤና ጣቢያው አስተዳዳሪ ጓድ ስለሺ ፈገግ ብለው፣ “ጓዲት አበዛሽ፣ አንቺ ከሄድሽ ሕፃናት ክፍሉን ማን ይይዘዋል? ለዘንድሮ ታገሺን” አሏት። ሌላ ሰው ተላከ። በሁለተኛው ዓመት ያው ቃል ተደገመ፤ እንዲያውም “ምትክ የማይገኝላት” ተብሎ በደብዳቤ ተጻፈላት። ደብዳቤውን ለጎረቤት ሁሉ አሳየች። ለካ የታሰረችበት ገመድ ያ ሙገሳ ነበር። እሷ መርፌ አያያዝ ያስተማረቻቸው እየሄዱ ነርስ ሆነው ተመለሱ፤ ሥራ የማይሆንለት ሰው መላኩ ለማንም አይከብድማ።

በመሃል ሀብቴ የሚባል የነዳጅ ማጣሪያው ኦፕሬተር ሊያገባት ጠይቋት ነበር። ሥራው ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር፣ “ተጋብተን አብረን እንሂድ” አላት። እሷም “አሁን ሥራ ለቅቄ ብሄድ የትምህርቱ ቦታ ይቀርብኛል፤ ዘንድሮ ወይ ከርሞ ይልኩኛል፣ ያኔ እዚያው እንገናኛለን” አለችው። ሁለት ዓመት ጠበቃት። በሦስተኛው ዓመት የሠርጉን ወሬ ከሰው ሰማች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ ጎረቤቶቿ፤ እሷም እንደዚያው አለች።

በ1976 ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ሞላ። የመጨረሻዋ ዓመት መሆኗን እሷም አውቃለች፣ ጓድ ስለሺም አውቀዋል። ሲስተር እቴናት ሳይቀሩ “በዚህ ዓመት ካልላካችኋት እኔ አላርፍም” ብለው ተናግረውላት ነበር። ደብዳቤው በታይፕ ተመትቶ ፊርማ ብቻ ይጠብቃል ተባለ። አበዛሽ ከባቲ የመጣ ነጋዴ ሱቅ ገብታ የቆርቆሮ ሻንጣ ገዛች።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የሩቅ አገር እንግዶች በመርከብ ይመጣሉ ተብሎ የከተማው ሠራተኛ ሁሉ ለአቀባበል ወደ ወደቡ ተጠራ። ሐኪሙም ነርሶቹም ሄዱ። ጤና ጣቢያው ውስጥ አበዛሽና ዘበኛው ውድነህ ብቻ ቀሩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራዲያ የምትባል ወጣት ከበይሉል፣ የስምንት ወር ልጇን በሽርጧ ጠቅልላ ገባች። ልጁ ኑህ ይባላል። ሦስት ቀን አስቀምጦታል። ዓይኑ ገብቷል፤ እርግብግቢቱ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል፤ ሆዱ ላይ ቆዳውን ቆንጠጥ ስታደርገው እንደተጨማደደ ቀረ።

ጤና ረዳት ያለ ሐኪም ወይም ያለ ነርስ የጽሑፍ ትዕዛዝ ግሉኮስ መስቀል አይፈቀድለትም። ትዕዛዝ ሲኖር የምትሰቅለው ግን ሁልጊዜ እሷው ናት። አበዛሽ አንዴ በሩን አየች፣ አንዴ ልጁን አየች፤ ከዚያ ምላጭ አንሥታ የጆሮ ግንዱ ላይ ያለችውን ጸጉር ላጨች፤ ዳበሰች፤ ወጋች። ጠርሙሱን ሰቅላ ጠብታውን ለቀቀች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ልጁ ሸና። አበዛሽ በዚያ ቀን የተሰማትን ደስታ ሰው ቢጠይቃት መናገር አትችልም ነበር፤ ወንበር ስባ ከልጁ አጠገብ ተቀመጠች።

ሲስተር እቴናት ማታ ተመልሰው ጠርሙሱ ተሰቅሎ አዩ። ልጁን ገልጠው መረመሩት። ካርዱን ስበው፣ ትዕዛዙን በራሳቸው እጅ ጻፉ፤ ሰዓቱንም ወደ ኋላ መልሰው ከአቀባበሉ በፊት አደረጉት። “ደግ ሠርተሻል። ከአፍሽ እንዳይወጣ” አሏት። ነገሩ እዚያው ላይ ሞቶ ነበር።

ግን ሰኔ ላይ ግምገማ መጣ። የዚያን ዘመን ግምገማ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ይሰበሰባል፤ አንድ ሰው ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ተነሥቶ መጀመሪያ ራሱን ይነቅፋል፤ ግለ ሂስ ይሉታል። ሰው ለዚህ ቀን የሚበቃ ትንሽ ኃጢአት አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። አንዱ “ጋዜጣ በሚገባ አላነብም” ይላል። ሌላው “ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ አርፍጃለሁ” ይላል። ሲስተር እቴናት በየግምገማው “ለጤንነቴ ሳልጠነቀቅ ከመጠን በላይ እሠራለሁ” ይሉ ነበር፤ ይህም ተጽፎ እንዲታረሙ ይነገራቸዋል። ዘበኛው ውድነህ ብቻ እውነቱን፣ “ተኝቼ ተገኝቻለሁ” ይላል፤ እሱንም በዓይናቸው ያዩት ስለሆነ ነው።

አበዛሽ ሌላ ጊዜ ስለ ጋዜጣው ነበር የምትናገረው። ከሷ ሥር የምትሠራው ወጣቷ ጤና ረዳት ትርፌ በዋዜማው፣ “እትዬ አበዛሽ፣ ነገ ማርፈድ በዪ፣ እኔ ጋዜጣውን እወስደዋለሁ” ብላ ስትቀልድ አብራት ስቃ ነበር። ታዲያ ምን ነካት? እኔ የሚመስለኝን ልናገር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ካርድ ላይ ስሟን ጽፎ አያውቅም። ያን ሐሙስ ልጁን ያዳነችው እሷ ናት፤ ካርዱ ግን የሌላ ሰው ሥራ ነው ይላል። ጥፋት አድርጋም ቢሆን እኔ ነኝ ማለት አማራት። ደግሞም የዋህ ናት፤ ግለ ሂስ ማለት እውነት የሚነገርበት ነው ሲሉ አምናቸዋለች።

ተነሣች። “መጋቢት ላይ፣ ሁላችሁም ወደብ በሄዳችሁ ቀን፣ ያለ ትዕዛዝ ለአንድ ሕፃን ግሉኮስ ሰቅያለሁ። ልጁ ድኗል። ግን ደንብ ስለሆነ፣ ጥፋቴን አምናለሁ” አለች።

ጎኗ የተቀመጠችው ትርፌ ቀሚሷን ሳብ ሳብ አደረገቻት፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጓድ ስለሺ ካርዱን አስመጡ። ገለጥ አደረጉና፣ “እዚህ ላይ ትዕዛዝ አለ። የሲስተር እቴናት ጽሑፍ ነው። ሰዓቱም ከአቀባበሉ በፊት ይላል። ይህ እንዴት ሆነ?” አሉ።

አበዛሽ ያኔ ነው የገባት። ወደ ሲስተር እቴናት ዞረች። የሲስተር እቴናት ፊት አመድ መስሏል። ሴትየዋ ሃያ ሁለት ዓመት የደከሙበት ሥራ አለ፤ የሚማሩ ልጆች አሏቸው፤ የሐሰት ጽሑፍ ደግሞ በዚያ ዘመን ከማስጠንቀቂያ አልፎ የት እንደሚያደርስ ማንም አያውቅም። ቀስ ብለው ተነሡና፣ “እሷ ናት ትዕዛዙ በቃል ተሰጥቶኛል ብላ ያስጻፈችኝ። አምኛት ነው የጻፍኩት” አሉ። ሲናገሩ አበዛሽን አላዩአትም። አበዛሽም፣ “አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኳቸው” አለች። ከዚያ ቁጭ አለች። በዚያች በሁለተኛዋ ቃል ሲስተር እቴናትን አዳነቻቸው፤ ራሷን ጨረሰች።

ቃለ ጉባኤው “ከኃላፊነት ወሰን ማለፍና የሥራ ኃላፊን ማሳሳት” አለ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈላት፤ ቢደገም ከሥራ ትሰናበታለች ይላል። በታይፕ የተመታው የድጋፍ ደብዳቤ ሳይፈረም ቀረ። ወረቀት እንዳይባክን ይሁን አይታወቅም፣ ያንኑ ደብዳቤ በስሟ ላይ ነጭ ቀለም ቀብተው የትርፌን ስም መቱበት። ትርፌ ሻንጣ ስላልነበራት አበዛሽ የራሷን ሰጠቻት። “እትዬ፣ እንዴት አድርጌ እወስደዋለሁ?” ብላ ብታለቅስ፣ “ውሰጂው፣ እዚህ ጨው ይበላዋል” አለቻት።

በዓመቱ ወሎ በረሃብ ተመታ። እናቷና የሟች እኅቷ ሁለት ልጆች፣ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው፣ ከሞት የተረፈ አጥንታቸውን ይዘው አሰብ ወረዱ። አንዲቷ ክፍሏ የአራት ሰው ቤት ሆነች። ከዚያ ወዲያ ያ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ክብደቱ ሌላ ሆነ። ሣጥኗ ውስጥ ከልደት ካርዷ ጋር አስቀምጣዋለች፤ አልፎ አልፎም አውጥታ ታነበዋለች። ወገቧን ያማት ጀመር። በሙቀቱ ሰው ሁሉ አልጋውን ደጅ አውጥቶ ሲተኛ እሷ የነዳጅ ማጣሪያውን እሳት እያየች ታነጋለች። እንቅልፍ እንቢ አለኝ ብላ ለሐኪሙ ነገረችው፤ እሱም “ሁላችንም እኮ” አላት።

ትርፌ በ1978 ክረምት ሲስተር ሆና ተመለሰች። ሲስተር እቴናት ተዛውረው ስለነበር ክፍሉን እሷ ያዘችው። ልቧ ያው ልብ ነው፤ አበዛሽን እትዬ ማለት አላቆመችም። ግን እሷም ፈሪ ሆና ነው የመጣችው። የመጀመሪያ ቀን ደንቡን ስታነብ፣ “ያለ ትዕዛዝ ማንም ምንም እንዳይነካ” አለች። አበዛሽ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

በሚቀጥለው ግንቦት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሐኪሙ በሥራ ወደ አስመራ ሄዶ ሳለ፣ ነርሶች በሙሉ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ለስብሰባ ተጠሩ። ትርፌ ስትወጣ፣ “እትዬ፣ የባሰ ነገር ከመጣ ውድነህን ልከሽ አስጠሪኝ” አለቻት።

የባሰው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ከሊፋ የሚባል የአፋር ሰው ከደባይሲማ ማዶ፣ ወደ ወደብ በሚወርድ የጭነት መኪና ጀርባ ላይ ተቀምጦ፣ የአሥር ወር ሴት ልጁን አቅፎ ደረሰ። እናቷ ከከብቶቹ ጋር ቀርታለች። ከሾፌሮች ጋር ፍየል ሲገበያይ የለመዳት አማርኛ አለችው።

“ሲስተር፣ መሪማ ትባላለች። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያስቀምጣታል” አላት።

አበዛሽ ልጅቷን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስተኛቻት። እርግብግቢቷ ጎድጉዷል፤ ዓይኗ ገብቷል። ሌላው ቀርቶ የመጣችበት ጨርቅ እንኳ የኑህን ጨርቅ ይመስላል። ውድነህን “ሩጥ፣ ትርፌን ጥራት” አለችው። እሱ ሲሮጥ ለተቅማጥ የሚሰጠውን ዱቄት በጥብጣ በማንኪያ ልታጠጣት ሞከረች፤ ልጅቷ መዋጥ አቅቷት በአፏ ጥግ ወረደ። መርፌውን ቀቀለች። ጠርሙሱን ሰቀለች። ጸጉሯን ላጨች። የጆሮ ግንዷን ዳበሰች፤ ደም ሥሯን አገኘችው። እዚያች ላይ ጣቷ ቆመ።

ውድነህ ብቻውን ተመለሰ። “ንግግር ላይ ናቸው፣ በር ዘግተዋል። ጠባቂው ሲያልቅ ብሎኛል” አለ።

“ልጅ እየሞተች ነው አላልክም?”

“ብዬዋለሁ። አሁን የሚናገሩት ትልቅ ሰው ናቸው አለኝ።”

“ተመለስ። በሩን ምታ። የትርፌን ስም ጠርተህ ጩህ።” ውድነህ ዳግመኛ ሮጠ።

ከሊፋ የአበዛሽን እጅ ያያል፣ መርፌውን ያያል። “ሲስተር፣ አንቺ አድርጊው” አላት።

“ሲስተር አይደለሁም” አለች አበዛሽ።

“ግድ የለም። ማንም ሁኚ። አድርጊው።”

በዓይኗ ላይ የመጣባት ሣጥኗ ውስጥ ያለው ወረቀት ነው፤ ቀጥሎም እናቷና ሁለቱ ልጆች ከዚያ የጭነት መኪና ሲወርዱ የነበራቸው የከሳ እግር። አሁን ትመጣለች፣ አሁን ትመጣለች እያለች ሰዓቱን ታያለች። አምስት ደቂቃ አለፈ። ሌላ አምስት አለፈ። መርፌውን አንሥታ አስቀመጠችው፤ እንደገና አነሣችው። በመጨረሻ ወረቀቱንም ሥራውንም ረስታ ስትወጋ፣ ደም አልመጣም። ቦታውን አልሳተችም። የሚመጣ ደም አልነበረም።

ትርፌ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች ስትገባ ከሊፋ ልጁን መልሶ በጨርቋ እየጠቀለላት ነበር። አልጮኸም። “የአላህ ነው” አለ፤ አበዛሽን ግን ሲወጣ ቆም ብሎ አያት። ያ አስተያየት የእርግማን ቢሆን ይቀላት ነበር። ያልገባው ነገር እንዳለ ሰው ነበር ያያት።

በሰኔው ግምገማ አበዛሽ ተራዋ ሲደርስ ተነሣች። እጇን አጣምራ፣ “ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ አርፍጃለሁ” አለች። በአሥራ አምስት ዓመት አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም። ጓድ ስለሺ በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ጓዲት አበዛሽ የነበረባትን ግድፈት ሙሉ በሙሉ አርማለች። በግንቦቱ ጉዳይም ደንቡን ጠብቃ ኃላፊዋን አስጠርታለች፤ ለሌሎቻችን ትምህርት ነው” አሉና አስጨበጨቡላት። ሙሉ ነጥብ ተሰጣት። ሲወጡ በሩ ላይ ትከሻዋን መታ አድርገው፣ “ዕድሜሽ ባያልፍ ኖሮ ዘንድሮ የምንልከው አንቺን ነበር” አሏት። ትርፌ በዚያ ጭብጨባ እጇን አላነሣችም፤ ጥግ ላይ አቀርቅራ ታለቅስ ነበር።

በሳምንቱ ራዲያ ከበይሉል መጣች። ኑህ አራት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አተኩሶት በእናቱ ትከሻ ላይ ተኝቷል። በር ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ራዲያ ግን ሰልፉን አልፋ፣ ሰላምታዋን እያዥጎደጎደች፣ በቀጥታ አበዛሽ ዘንድ ገባች። የልጁን ራስ ዘንበል አድርጋ ጸጉሩን ገለጥ አደረገች። በጆሮ ግንዱ ላይ ጸጉር ያላበቀለች የምስር ፍሬ የምታህል ቦታ አለች።

“ሲስተር፣ እይው፣ ያንቺ ልጅ ነው። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈልግም ብዬ ነው እስከዚህ የመጣሁት” አለቻት።

አበዛሽ እጇን ዘረጋች። ትኩሳቱ ሳትነካው ይሰማታል። ከዚያ እጇን መልሳ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

“ሲስተር አይደለሁም” አለች። “ካርድ አውጪና ወረፋ ያዢ። ነርሷ ታየዋለች።”

ራዲያ የቀለደችባት መስሏት ትንሽ ሳቀች። አበዛሽ ግን ፊቷን ወደ መርፌ መቀቀያዋ አዙራለች። ራዲያ ጥቂት ጠበቀቻት፤ ከዚያ ልጇን በሌላኛው ትከሻዋ አዛውራ ወጣችና ከሰልፉ መጨረሻ፣ ፀሐዩ ላይ ቆመች።